እርዳታ መጠየቅ የማያሳፍርበት ትምህርት ቤት

ጥያቄ፦ «የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኜ ከተሾምኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አርባ ሁለት መምህራን አሉን። አይጣሉም፤ ግን አይተባበሩም። ሁሉም ክፍሉ ገብቶ አስተምሮ ይወጣል። በየሳምንቱ ዓርብ የልምድ ልውውጥ ስብሰባ አስጀመርኩ፤ ቃለ ጉባኤው በደንብ ይጻፋል፣ ክፍል ውስጥ ግን የተለወጠ ነገር የለም። አንጋፋዎቹ ዝም ይላሉ። ከጀማሪዎቹ አንዷ፣ በጣም ጎበዝ የሆነች መምህርት፣ ሰሞኑን መልቀቂያ አስገብታለች። እውነተኛ መደጋገፍ ያለበት የሥራ ባህል ከየት ይጀመራል? መምህርቷንስ ላናግራት ወይስ ልተዋት?»

ምላሽ፦

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ «አይጣሉም፤ ግን አይተባበሩም» ያሉት ላይ በደረስኩ ቁጥር ቆም አልኩ። አብዛኛው ትምህርት ቤት ያለው እዚያ ላይ ነውና። ጠብ ቢኖር ይታያል፤ አስታራቂም አያጣም። በትሕትና የተሸፈነ መለያየት ግን ሰላም ስለሚመስል ማንም ሳይነካው ለዓመታት ይኖራል። ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጨዋታና ሳቅ አለ። ስለ ማስተማር ግን አይወራም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ከልብዎ እንዲያወጡ እለምንዎታለሁ። መምህራንዎ መተባበር ጠልተው አይደለም። በርዕሰ መምህርነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ የትምህርት ቤት አመራሮችን አሠለጥናለሁ። ከባልደረባው ጋር ስለ ሥራው መነጋገር ከልቡ የማይፈልግ መምህር ያጋጠመኝ በጣት የሚቆጠር ነው። የሚያግዳቸው ሌላ ነገር ነው፤ እርዳታ መጠየቅ ዋጋ ያስከፍላል። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው «ይህን ምዕራፍ ተማሪዎቼ ሊረዱልኝ አልቻሉም፤ አንተ እንዴት ነው የምታስተምረው?» ቢል ምን እንደሚከተል ያስቡት። አለቃው ከሰማ በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ላይ ሊነሳበት ይችላል። ባልደረቦቹ ከሰሙ «ይህንንም አያውቅም እንዴ?» ይባልበታል። ስለዚህ በሩን ዘግቶ እንደምንም ይወጣዋል። ባይወጣውም ከተማሪዎቹ በቀር የሚያውቅ የለም።

የሥራው አደረጃጀት ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው የመምህርነት ጥናት ትምህርት ቤትን ከእንቁላል መያዣ ጋር አመሳስሎት ነበር፤ እንቁላሎቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ ግን አንዱ ሌላውን እንዳይነካ በየጎድጓዳቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። ገና የተመረቀ መምህር በመጀመሪያው ቀን የሚረከበው ክፍል ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ባልደረባው ከሚረከበው አይቀልም። ጀማሪ ሐኪም ሲሠራ አጠገቡ ነባር ሐኪም ይቆማል። ጀማሪ መምህር አጠገብ ያለው ሰሌዳው ብቻ ነው።

እንግዲህ የእርስዎ ሥራ ትብብርን መስበክ ሳይሆን፣ እርዳታ የሚጠይቅ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ መቀነስ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ስሕተት ነው። ርዕሰ መምህር በሆንኩበት የመጀመሪያ ዓመት አንዲት የሒሳብ መምህርት ክፍል ለምልከታ ገባሁ። የምዘና ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ትምህርቱ እንከን አልነበረውም። መምህርቷ ጠየቀች፣ እጆች ወጡ፣ ትክክለኛ መልስ መጣ። ከፍተኛ ነጥብ ሰጥቼ ወጣሁ። ማታ ላይ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር፤ እጆቹ የወጡት ጥያቄው ሳያልቅ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ያ ትምህርት ባለፈው ሳምንት ተሰጥቶ ያለቀ ነበር። መምህርቷ እኔ ስለምመጣ ደገመችው። በእሷ አልፈረድኩም፤ ዛሬም አልፈርድም። ያንን ያደረገችው እኔ የፈጠርኩት ሁኔታ ስላስገደዳት ነው። የከበዳትን ትምህርት ብታሳየኝ ነጥብ ትቀነስ ነበር፤ የቀለላትን ስላሳየችኝ ተሸለመች። ልረዳት የምችልበትን ቦታ ከእኔ እንድትደብቅ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚደረገው ምዘናንና እገዛን መለየት ነው። ለምዘና የሚገቡበት ቀን ይታወቅ፤ ቅጹም ቅጽ ይሁን። ለመማማር የሚደረግ የክፍል ጉብኝት ግን ነጥብ፣ ቅጽና ማኅደር አያስፈልገውም። ይህን በስብሰባ ላይ ቢናገሩት ማንም አያምንዎትም፤ ባያምኑም አይፍረዱባቸው። የሚያምኑት ሲያዩት ነው። ለዚህም ቀላሉ መንገድ መጀመሪያ የራስዎን በር መክፈት ነው። በሳምንት አንድም ክፍለ ጊዜ ቢሆን ያስተምሩ። ከዚያ ከመምህራኑ ሁለቱን ጠርተው «ነገ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግቡልኝ፤ ጥያቄ ስጠይቅ የኋላ ረድፍ ተማሪዎችን እረሳቸዋለሁ ብዬ እሰጋለሁ፤ ማንን ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩ ቁጠሩልኝ» ይበሏቸው። ሲጨርሱ የቆጠሩትን ያንብቡልዎት። አሥራ አራት ጊዜ ጠይቀው አሥራ አንዱ ከፊት ረድፍ ከሆነ፣ ያንኑ ለሌሎቹ በአፍዎ ይንገሯቸው። ርዕሰ መምህሩ «እዚህ ላይ ድክመት አለብኝ» ብሎ ምንም ሳይሆን ሲቀር፣ ሌላው ሰው ያንን ቃል ለማውጣት የሚከፍለው ዋጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። የኒውዚላንዷ ተመራማሪ ቪቪያን ሮቢንሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ሥራ የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስቦ አምስት የአመራር ተግባራትን ያነጻጽራል። ከተማሪዎች ውጤት ጋር ጠንካራውን ቁርኝት ያሳየው፣ መሪው የመምህራንን መማር ማበረታታቱና ራሱም አብሮ መማሩ ነበር። «አብሮ» የሚለው ቃል ላይ ይቆዩ። ሥልጠና አዘጋጅቶ፣ የመክፈቻ ንግግር አድርጎ፣ ወደ ቢሮ መመለስ እዚያ ውስጥ አይቆጠርም።

የመምህራኑ የእርስ በርስ ጉብኝትም በዚሁ መልክ ይሂድ። ምን እንደሚታይ የሚመርጠው የሚጎበኘው መምህር ነው። ጎብኚው የሚጽፈው ያየውንና የሰማውን ብቻ ነው። «ተማሪዎች አልተሳተፉም» ፍርድ ነው፤ «በአሥር ደቂቃ ውስጥ የተናገሩት አራት ተማሪዎች ናቸው» ደግሞ ያዩት ነገር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ፍርዱን የሰማ ሰው ግን ራሱን ለመከላከል ይነሳል፣ ቁጥሩን የሰማ ሰው ያስባል። ውይይቱም በዚያው ቀን ይደረግ፤ ካደረ ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ዓርቡ ስብሰባ ልምጣ። ዓላማዎ መልካም ነው፤ ያልሠራበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ሰዎቹ የሚነጋገሩበት የጋራ ሥራ የላቸውም። ጁዲት ዋረን ሊትል የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 የመምህራንን ግንኙነት በአራት ደረጃ ከፍላ አሳይታለች። የመጀመሪያው ገጠመኝ መጨዋወት ነው። ሁለተኛው ሲጠየቁ መርዳት፣ ሦስተኛው ማስታወሻና የማስተማሪያ ጽሑፍ መለዋወጥ፣ አራተኛው ለውጤቱ በጋራ የሚጠየቁበትን ሥራ አብሮ መሥራት ነው። የልምድ ልውውጥ የምንለው ስብሰባ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው አያልፍም። አንዱ ይተርካል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ማንም ማንን ስለማይፈልግ ማንም አይለወጥም።

የጋራ ሥራ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ያየሁትን ልንገርዎት። አራት የሒሳብ መምህራን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ተመሳሳይ ክፍል ያስተምራሉ። በጋራ አሥር ጥያቄ ያለው አጭር ፈተና አውጥተው፣ ፈትነው፣ የተማሪዎቹን ወረቀት ይዘው መጥተዋል። ሰባተኛው ጥያቄ «ከ0.35 እና ከ0.4 የሚበልጠው የትኛው ነው? ለምን?» የሚል ነው። በሦስቱ ክፍሎች ብዙ ተማሪ 0.35 ብሎ መልሷል፤ ምክንያቱንም «35 ከ4 ስለሚበልጥ» ብሎ ጽፏል። በአራተኛው ክፍል እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው። የአራተኛው ክፍል መምህርት በስብሰባ ላይ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። «እኔ እኮ ዜሮ ነጥብ ሠላሳ አምስት ብለው እንዲያነቡ አልፈቅድላቸውም» አሉ። «ሠላሳ አምስት ካሉት ሠላሳ አምስት ይመስላቸዋል። በእኔ ክፍል ሦስት አሥረኛና አምስት መቶኛ ነው የሚባለው።» ተነሥተው ሰሌዳው ላይ ከዜሮ እስከ አንድ የሚደርስ መስመር አሠመሩ፤ አሥር ቦታ ከፈሉት፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ጭረት ምልክት አደረጉበት፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ደግሞ እንደገና አሥር ቦታ ከፋፈሉት። ከአራቱ በዕድሜ ትንሹ የሆነው መምህር ስልኩን አውጥቶ ሰሌዳውን ፎቶ አነሣ።

ያቺ መስመር ከዚያ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለዓመታት ነበረች፤ ከአንድ ክፍል ውጪ ግን ማንም አያውቃትም ነበር። እንድትወጣ ያደረጋት ንግግር ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው የተማሪዎች ወረቀት ነው። ልብ ይበሉ፣ «ድክመታችሁን ተናገሩ» የተባለ የለም፤ የተጠየቀው «ተማሪዎቹ እንዲህ ያሰቡት ለምንድን ነው?» ነው። ጃፓኖች ከመቶ ዓመት በላይ ያዳበሩት የትምህርት ጥናት ልማድም በዚህ መንፈስ የተቃኘ ነው። መምህራን አንድ ትምህርት በጋራ ያዘጋጃሉ፣ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ተማሪዎቹን ይመለከታሉ፣ ከዚያ ስለ ትምህርቱ ይወያያሉ። ትምህርቱ የሁሉም ስለሆነ ነቀፌታው የሚያርፈው በሥራው ላይ ነው፤ ሰውየው አይጎዳም።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ የሚገኘው ከክፍለ ጊዜ ድልድል ነው። ትብብር የሚሞተው በአብዛኛው እዚህ ነው። ድልድሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ «የምትገናኙበትን ሰዓት ፈልጉ» ማለት አትገናኙ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ገና ባዶ ወረቀት ላይ ሳሉ፣ ተመሳሳይ ትምህርት ለተመሳሳይ ክፍል የሚያስተምሩት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ በአንድነት ነፃ የሚሆኑበትን ቦታ ያስገቡ፤ ሌላው በዚያ ዙሪያ ይሞላ። ለሁሉም የትምህርት ክፍሎች ካልተቻለ በአንዱ ይጀምሩ። የዓርቡንም ስብሰባ ያጥፉት። ማስታወቂያው በሰሌዳ ይለጠፍ፤ የተረፈው ሰዓት ለእነሱ ይሁን። ያ ሰዓት አንዴ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ለድንገተኛ ስብሰባ አይውሰዱባቸው። ሁለት ጊዜ ከወሰዱባቸው ሦስተኛውን ራሳቸው ይተዉታል።

ማስጠንቀቅ ያለብኝ ነገርም አለ። በትእዛዝ የመጣ፣ ቅጽ የበዛበት፣ ርዕሱንም ሰዓቱንም አለቃው የሚወስንለት ትብብር በተፈጥሮው ማስመሰልን ይወልዳል። እርስዎ የሚሰጧቸው ጊዜውንና አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይሁን፤ አካሄዱን ይተዉላቸው። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ ሪፖርት አይጠይቁ። «ምን አገኛችሁ?» ብለው በመተላለፊያው ላይ ይጠይቁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ያገኙትን ያስታውሱላቸው። በሌላ በኩል የክፍሎችን ውጤት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድሮ የሚለጥፍ ትምህርት ቤት መምህራኑ እንዲደጋገፉ መጠበቅ የለበትም። ጎረቤቱን የረዳ ሰው ከደረጃው የሚወርድ ከሆነ ማን ይረዳል?

ስለ አንጋፋዎቹ ዝምታ። እባክዎ «ለውጥ የሚጠሉ» ብለው አይመድቧቸው። ከእርስዎ በፊት የመጡ ርዕሳነ መምህራን የጀመሩትንና የተዉትን ሁሉ አይተዋል። ዝምታቸው ብዙውን ጊዜ «ይህም ያልፋል» ማለት ነው፤ ካዩት አንጻር ሲታይ ደግሞ ምክንያታዊ ነው። ከመካከላቸው ሌሎቹ የሚያከብሩትን አንድ ሰው ይምረጡና ቢሮ ሳይጠሩ ክፍሉ ድረስ ሄደው ሥራው ላይ ምክር ይጠይቁት። ማስመሰል ግን አያስፈልግም፤ በእርግጥ የቸገረዎትን ነገር ይጠይቁ። ምክሩን ከተጠቀሙበት ለሌሎች ሲናገሩ ስሙን ያንሱ።

ዝም ያለ ሰውና ሌላውን ዝም የሚያሰኝ ሰው ግን አንድ አይደሉም። ባልደረባው ሲናገር የሚያሾፍ፣ ጀማሪውን በሰው ፊት የሚያዋርድ አንድ ሰው የአርባውን ሥራ ያበላሻል። ይህን ሰው ለብቻው ጠርተው ያዩትን በቀኑና በቃሉ ይንገሩት፤ እንዳይደገምም በግልጽ ይጠይቁ። ብዙ መሪዎች ጠብ ፈርተው ይህን ያሳድሩታል። መምህራኑ ግን ያዩት ስድቡን ብቻ አይደለም፤ እርስዎ መስማትዎንና ዝም ማለትዎንም ነው።

ፍትሐዊነትም እዚሁ ላይ ይነሳ። መልካሙ ክፍል ለማን፣ አስቸጋሪው ለማን፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ለማን እንደሚደርስ የሚወሰንበት መመዘኛ በግልጽ ካልታወቀ፣ ስለ ቤተሰባዊነት የሚናገሩት ሁሉ ባዶ ነው። መመዘኛውን ጽፈው ይለጥፉ፤ በራስዎ ወዳጅ ላይም ይሥራ። ወላጅ አቤቱታ ይዞ ሲመጣም መምህሩን ሳይሰሙ ምንም ቃል አይስጡ።

እነዚህን ሲጀምሩ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ይመጣል፤ ችግሩ የበዛ ይመስላል። ዝም ብሎ የኖረው ሰው ይናገራል፣ ቢሮዎ የማያቋርጥ ጥያቄ ይመጣበታል። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች ተመራማሪ በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና፣ የተሻለ የሥራ ግንኙነት ያላቸው ቡድኖች ብዙ ስሕተት ተመዝግቦባቸው አገኘች። መጀመሪያ ግራ የሚያጋባ ነበር። ነገሩ ሲገለጥ ግን እነዚያ ቡድኖች ስሕተታቸውን በግልጽ የሚነጋገሩበት እንጂ የግድ ብዙ የሚሳሳቱ አልነበሩም። ስለዚህ የሚሰሟቸው መጥፎ ዜናዎች ሲበዙ ወደኋላ አይመለሱ። በተለይ የመጀመሪያውን መጥፎ ዜና ያመጣልዎትን ሰው እንዴት እንደተቀበሉት ሌሎቹ በጥንቃቄ ያያሉ። «አመሰግናለሁ፤ ከየት እንጀምር?» ይበሉት።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። አንቶኒ ብራይክና ባርባራ ሽናይደር በቺካጎ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ባደረጉት የረጅም ጊዜ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በሠራተኞቻቸው መካከል ጠንካራ መተማመን የነበራቸው ትምህርት ቤቶች በንባብና በሒሳብ የመሻሻል ዕድላቸው ከሁለት አንድ ነበር፤ መተማመን የሌለባቸው ደግሞ ከሰባት አንድ። ይህን ቁጥር ስጠቅስ ሁለቱንም ጎን አነባለሁ። መተማመን ካላቸውም ግማሾቹ አልተሻሻሉም፤ መልካም ግንኙነት ብቻውን ጥሩ ትምህርት አይሆንምና። ያለ እሱ ግን የሚሳካላቸው እጅግ ጥቂት ናቸው። መተማመኑ የተገነባውም በአራት ነገሮች ላይ ነው ይላሉ፤ መከባበር፣ የሥራ ብቃት፣ ለሰውየው ማሰብና ቃልን መጠበቅ። ከአራቱ በመሪ እጅ ቶሎ የሚሰበረው የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ጥቂት ቃል ይግቡ፤ የገቡትን ግን ይፈጽሙ። ጠመኔ አመጣለሁ ብለው ካላመጡ፣ ከምዘና ነፃ የሆነ ጉብኝት ነው ሲሏቸውም አያምኑዎትም።

በመጨረሻ ወደ መምህርቷ። አዎ፣ ያናግሯት፤ በዚህ ሳምንት። ማቴው ክራፍትና ጆን ፔፔይ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት የሥራ ድባባቸው ከሦስት አራተኛው የተሻለ በሆነ ትምህርት ቤቶች ያሉ መምህራን፣ ድባባቸው ከአንድ አራተኛው ብቻ በሚሻል ትምህርት ቤቶች ከሚገኙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ያሳዩት መሻሻል በ38 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። የመምህር ጉብዝና ከቦታው ጋር ያድጋል፤ ከቦታው ጋርም ይደርቃል። እሷ ይህን በራሷ ላይ እያየችው ሊሆን ይችላል።

ቢሮዎ አይጥሯት። ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ክፍሏ ድረስ ይሂዱና ከተማሪዎች ወንበር በአንዱ ላይ ይቀመጡ። እንድትቀር አይለምኗት፤ ከለመኗት ውይይቱ ስለ መልቀቂያው ይሆናል፣ ምክንያቷንም በትሕትና ትደብቅልዎታለች። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቋት። «እዚህ ስትሠሪ በጣም የከበደሽ ቀን የትኛው ነበር?» እና «ያን ቀን ማንን መጠየቅ ትችዪ ነበር?» ከዚያ ዝም ይበሉ፤ ማስተባበያ አይስጡ፣ ስለ ማንም አይከራከሩ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልሷ «ማንንም» ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ጀማሪ ምን ማዘጋጀት እንዳለብዎት ያውቃሉ፤ ተመሳሳይ ትምህርት የሚያስተምር፣ ክፍሉ አጠገብ ያለ፣ አብሮ ነፃ ክፍለ ጊዜ ያለው አንድ ነባር መምህር፣ ሥራው ከሚጀመርበት ቀን አንሥቶ። ሌላም ሊቻል የሚችል ነገር ከነገረችዎት ከመሄዷ በፊት ያድርጉት፤ ውሳኔዋ ባይለወጥም እንኳ።